ከንብ ንድፊያ በኋላ ያለው ሩብ ሰዓት

«አለርጂ» በእኛ አነጋገር ቀላል ቃል ነው። አቧራ የሚያስነጥሰው፣ ሽቶ የሚረብሸው፣ ክረምት ሲገባ አፍንጫው የሚታፈን ሁሉ «አለርጂ አለብኝ» ይላል፤ ሴትሪዚን ይውጥና ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ቃሉ እንዲህ ቀልሎ ስለኖረ፣ አንድ ጤነኛ ጎልማሳ ሥራ ላይ ሳለ አንዲት ንብ ነድፋው በደቂቃዎች ውስጥ ሕይወቱ አለፈ ሲባል ነገሩን ከአለርጂ ጋር የሚያገናኘው ጥቂት ሰው ነው። ለቅሶ ቤት የሚነገረው ሌላ ነው፦ ንቧ መርዘኛ ነበረች፣ ደም ሥሩን አገኘችው፣ ልቡም ድሮ ደካማ ሳይሆን አይቀርም።

እነዚህ ግምቶች የሐዘን ቤት ወሬ ሆነው ቢቀሩ ባልከፋ። ነገር ግን ምክንያቱን የሳተ ሰው መድኃኒቱንም ይስታል። ጉዳዩን አሁን ማንሳት ያስፈለገበትም ምክንያት አለ። ኅዳር 2015 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ ይፋ የተደረገው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ከወተት፣ ከዶሮና ከእንቁላል ጎን ማርን ዋና ምርት አድርጎ ይዟል። ኢትዮጵያ ድሮም ከአፍሪካ ቀዳሚዋ ማር አምራች ናት፤ ዛሬ ግን ሙያውን ከአባቱ ያልወረሰ፣ በአጭር ሥልጠና ወደ ቀፎ የሚቀርብ አዲስ አናቢም አለ። ለከባድ የአለርጂ ጥቃት ይበልጥ የሚጋለጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ ይኸው አዲስ ገቢ ነው።

መርዝ ወይስ አለርጂ?

ንብ ሰውን የምትገድልበት መንገድ ሁለት ነው፤ ሁለቱ በሕክምናም በጊዜም አይገናኙም።

አንደኛው በብዛት ነው። አንዲት ንብ ስትናደፍ የምታስገባው መርዝ ከሚሊ ግራም አንድ አሥረኛ ገደማ ቢሆን ነው። ጤነኛ አዋቂን በመርዝነቱ ብቻ ለመግደል ብዙ መቶ፣ በተለመደው ግምት አንድ ሺሕ ያህል ንድፊያ ያስፈልጋል፤ ለሕፃንና ለአረጋዊ ቁጥሩ በጣም ያንሳል። እንዲህ ያለው ጉዳት የሚደርሰው መንጋ ሲነሳ ነው። መርዙ ጡንቻንና ቀይ የደም ሴልን ያፈርሳል፣ ኩላሊትን ያደክማል፤ ሰውዬው የሚባባሰውም በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ነው። ሆስፒታል አስተኝቶ መከታተልን፣ አንዳንዴም የኩላሊት እጥበትን ይጠይቃል።

ሁለተኛው በአለርጂ ነው። እዚህ ላይ የመርዙ መጠን ቁም ነገር አይደለም፤ አንድ ንድፊያ ይበቃል። የሚገድለው የራስ ሰውነት ለዚያች ጠብታ የሚሰጠው ያልተመጣጠነ ምላሽ ነው። «ያችን የምታህል ንብ እንዴት ሰው ትገድላለች?» የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው በዚህ መንገድ ብቻ ነው።

በቁጥር ሲታይ አደጋው ሰፊ አይደለም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2021 ባለው ጊዜ በንብና በተርብ ንድፊያ የሞቱ 788 ሰዎችን መዝግቧል፤ በዓመት በአማካይ 72 ማለት ነው። ከመቶ 84 የሚሆኑት ወንዶች ናቸው። አንዱ ምክንያት ከቤት ውጭ የሚሠራው ሥራ በአብዛኛው በወንዶች እጅ መሆኑ እንደሆነ መገመት አይከብድም። ከመዝገብ የሚያመልጠውንም ማሰብ ያስፈልጋል፦ በዚህ መንገድ የሞተ ሰው አስከሬን ሲመረመር ብዙ ጊዜ ግልጽ ምልክት አይገኝበትም፤ ንድፊያውን ያየ ሰው ከሌለ «የልብ ድካም» ተብሎ ይዘጋል።

በሰውነት ውስጥ የሚሆነው

ሐኪሞች ይህን ድንገተኛና መላ ሰውነትን የሚያናጋ የአለርጂ ጥቃት አናፊላክሲስ ይሉታል። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1902 ያወጡት ሻርል ሪሼና ፖል ፖርቲዬ የተባሉ ፈረንሳውያን ናቸው። ከባሕር እንስሳ የወሰዱትን መርዝ በውሾች ላይ ሲሞክሩ፣ ሰውነቱ ይለምደዋል ያሉት ውሻ ከሳምንታት በኋላ ቀድሞ ያልጎዳውን ያህል መጠን ሲሰጡት በደቂቃዎች ውስጥ ሞተባቸው። መከላከያ የጠበቁበት ቦታ ላይ ተቃራኒውን ስላገኙ «የመከላከል ተቃራኒ» የሚል ትርጉም ያለው የግሪክ ቃል ሰጡት። ሪሼ በ1913 የኖቤል ሽልማት ያገኘው በዚሁ ሥራ ነው።

የንብ ንድፊያም የሚሄደው በዚያው መንገድ ነው። ቀድሞ የደረሰ ንድፊያ፣ ሰውዬው ጨርሶ የረሳው ሊሆን ይችላል፣ በአንዳንድ ሰዎች ሰውነት ውስጥ አይ ጂ ኢ የተባለ ፀረ እንግዳ አካል ያስቀምጣል። ይህ ከቆዳ፣ ከሳንባና ከአንጀት ሥር በተደረደሩት ማስት ሴሎች ላይ ተጣብቆ ይጠብቃል። መርዙ ዳግመኛ ሲገባ ሴሎቹ ያጠራቀሙትን ሂስታሚንና ሌሎች ኬሚካሎች ባንድ ጊዜ ይደፉታል። የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ግድግዳቸውም ያሾልካል፤ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ከደም ሥር ውስጥ ካለው ፈሳሽ እስከ ሢሶ የሚደርሰው ወደ ውጭ ሊወጣ ይችላል። ሰውዬው አንዲት ጠብታ ደም ሳይፈሰው ብዙ ደም እንደፈሰሰው ሰው ይሆናል። በዚሁ ሰዓት የአየር ቧንቧው ይጠብባል፣ ጉሮሮው ያብጣል።

ከውጭ የሚታየው ከተነደፈው ቦታ ርቆ የሚወጣ ሽፍታና ማሳከክ፣ የከንፈርና የዐይን ሽፋን እብጠት፣ የድምፅ መጎርነን፣ የሚያፏጭ ትንፋሽ፣ ማስመለስ፣ ራስን መሳት ነው። ብዙዎች ከሁሉ በፊት «ልሞት ነው» የሚል ስሜት እንደሚመጣባቸው ይናገራሉ፤ ይህን ያለ ሰው ፈሪ ነው ተብሎ ሊሳቅበት አይገባም። ከአሥር ሰው በአንዱ ወይም በሁለቱ ላይ ደግሞ ቆዳ ላይ ምንም ሳይታይ የደም ግፊቱ ይወርዳል። እጅ ብቻ ማበጡ፣ እስከ ክርን ቢደርስም እንኳ፣ የሚያሳምም እንጂ የሚገድል ነገር አይደለም። የሚያሰጋው ምልክቱ ከተነደፈው ቦታ ወጥቶ ሌላ የሰውነት ክፍል ላይ ሲታይ ነው።

በብሪታንያ በዚህ ምክንያት የሞቱ ሰዎች ታሪክ ሲጠና፣ ከንድፊያው አንስቶ ልብ ወይም ትንፋሽ እስኪቆም ያለው መካከለኛ ጊዜ 15 ደቂቃ ሆኖ ተገኝቷል። በምግብ አለርጂ የሞቱት 30 ደቂቃ ነበራቸው።

አዲሱ አናቢ ለምን ይበልጥ ይጋለጣል?

ስለ ንብ የሚያውቅ ሰው ሁሉ «ሲለምዱት ምንም አይልም» ይላል። አባባሉ ግማሽ እውነት ነው፤ አደገኛነቱም ግማሽ ከመሆኑ ላይ ነው።

በአውሮፓ ንብ አናቢዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት በዓመት ከ200 ጊዜ በላይ የሚነደፉ አናቢዎች ከባድ የአለርጂ ጥቃት እምብዛም አይደርስባቸውም። ሰውነታቸው መርዙን ቀድሞ የሚይዝ ሌላ ዓይነት ፀረ እንግዳ አካል ያበዛል። ጥቃቱ የሚበዛው በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ በሚነደፉት ላይ ነው፦ አለርጂውን ለመፍጠር የሚበቃ፣ ለመላመድ ግን የማይበቃ ንድፊያ የሚያገኙት። ከጠቅላላው ሕዝብ መላ ሰውነትን የሚነካ ምላሽ የሚታይባቸው አዋቂዎች በአውሮፓ ከመቶ 7.5 የማይበልጡ ሲሆኑ፣ በአናቢዎች ዘንድ ግን ከመቶ ከ14 እስከ 43 ይደርሳሉ።

በአንድ መንደር ሁለት ሰዎችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ይቻላል። አረጋዊው አናቢ ጥቅምት ላይ፣ የአደይ አበባው ማር ሲደርስ፣ ማታ በጢስ ይቆርጣሉ። ጨለማው ንቡን ያረጋጋዋል፤ ጢሱ ደግሞ ንቦች ሲናደፉ የሚለቁትን፣ ሽታው የበሰለ ሙዝ የሚመስለውን የማንቂያ ኬሚካል ይሸፍነዋል። በየዓመቱ ብዙ ጊዜ ተነድፈው ቆዳቸው ደንድኗል። ወጣቱ በማኅበር ተደራጅቶ ዘመናዊ ቀፎ ተረክቧል። ቀፎውን የሚከፍተው በየሳምንታቱ በቀን ብርሃን ነው፤ ፍሬሙን እያነሳ ያያል፣ አውራዋን ይፈልጋል። ጓንትና የፊት መከላከያ ስለሚያደርግ የሚነደፈው በዓመት አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ነው። ልብሱ ከብዙ ንድፊያ ያድነዋል፤ የመልመዱን ዕድል ግን አይሰጠውም። ልብሱን ይጣል ማለት አይደለም፤ ተገቢውን መከላከያ ማድረግ ሁልጊዜም የተሻለ ነው። ለአዲሱ አናቢ የሚሰጠው ሥልጠና ግን ጓንቱንና ጢሱን አስተምሮ ቢያበቃ፣ አንዱን ፍሬ ነገር፣ አለርጂውን፣ ትቷል።

አብረውት የሚኖሩትም እንዲሁ ናቸው። ልብሱን የምታጥበው ሚስት፣ ከቀፎው አጠገብ የሚጫወተው ልጅ፣ ማሩን የሚጭነው የቀን ሠራተኛ፣ ሁሉም አልፎ አልፎ የሚነደፉት ክፍል ናቸው።

በነገራችን ላይ ሁሉም ንብ አይናደፍም። ድንጉላ፣ ማለትም ወንዱ ንብ፣ መንደፊያ የለውም፤ ከመሬት ሥር ማር የምትሠራው ጣዝማም አትናደፍም። ተርብ ግን መንደፊያውን ቆዳ ውስጥ ትቶ ስለማይሄድ ደጋግሞ ይናደፋል፤ መርዙም የተለየ በመሆኑ ንብ የለመደ ሰው ተርብን ለምዷል ማለት አይደለም።

ከቀፎ የራቁ ሥራዎች

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ከንብ ጋር የማይሠራው ሠራተኛ ነው። የቴሌኮም ማማ ላይ የሚወጣው ቴክኒሻን፣ የኤሌክትሪክ መስመር ሠራተኛው፣ አሮጌ ግንብ የሚያፈርሰው ግንበኛ፣ ቡና የሚለቅመው፣ ሰሊጥ የሚያጭደው ሁሉ መንጋ ያረፈበትን ቦታ ሳያውቅ ሊነካ ይችላል። ከፍታ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት፦ የአለርጂው ጥቃት ሳይገድለው ራሱን ሲስት ወድቆ ሊሞት ይችላል፤ ያኔ የሚመዘገበው መውደቁ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የሚደረገው

ንብ መንደፊያዋን ቆዳ ላይ ጥላ ስትሄድ ከመርዝ ከረጢቱ ጋር ነው። ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ያ ነጭ ከረጢት ንቧ ከሄደች በኋላም እንደ ትንሽ ልብ ሲመታ ያየዋል፤ መርዝ እየገፋ ነው። አብዛኛው መርዝ በ20 ሰከንድ ውስጥ ስለሚገባ ወዲያው ማውጣት ይጠቅማል። በጥፍር ይጫር ወይስ በጣት ይነቀል የሚለው ክርክር ቁም ነገር የለውም፤ ፍጥነቱ ነው ዋናው። ጭቃ መለጠፍ፣ ሽንኩርት ማሸት፣ ወተት ማጠጣት በአለርጂው ላይ የሚሠሩት ሥራ የለም። ሕመሙን ሊያበርዱ ይችሉ ይሆናል፤ ሩብ ሰዓት ብቻ ላለው ሰው ግን አምስት ደቂቃ መብላታቸው ከባድ ነው።

ጥቃቱን የሚመልሰው አድሬናሊን ነው፤ ኤፒነፍሪንም ይባላል። የሰፋውን የደም ሥር ያጠባል፣ የጠበበውን የአየር ቧንቧ ይከፍታል፣ ልብን ያበረታል፣ ማስት ሴሎቹም ኬሚካላቸውን መልቀቅ እንዲያቆሙ ያግዛል። ለአዋቂ የሚሰጠው 0.5 ሚሊ ግራም ነው፤ በአንድ ሲሲ አንድ ሚሊ ግራም ከያዘው አምፑል ግማሽ ሲሲ ማለት ነው። የሚወጋው በጭን ውጨኛ ጎን፣ ጡንቻ ውስጥ ነው። ካልተሻለው ከአምስት ደቂቃ በኋላ ይደገማል። መድኃኒቱ በዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያለ ሲሆን አምፑሉም ርካሽ ነው።

የተለመደው ስህተት በሴትሪዚን ወይም በሃይድሮኮርቲዞን መጀመር ነው። ሴትሪዚን ማሳከኩን ያቆማል፤ የታፈነውን ጉሮሮ አይከፍትም። ሃይድሮኮርቲዞን የሚሠራው ከሰዓታት በኋላ ነው። ሁለቱም ከአድሬናሊን በኋላ ሊሰጡ ይችላሉ፤ በፊቱ ግን ቦታ የላቸውም።

ሌላው ስህተት የበጎ ፈቃድ ነው። ባልደረቦቹ ይሮጡና ሰውዬውን ደግፈው ያቆሙታል፣ በእግሩ እያራመዱ ባጃጅ ላይ ያስቀምጡታል፣ ባጃጁ በኮረኮንቹ ይበራል። ደሙ ወደ እግሩ ወርዶ ልቡ የሚገፋው ሲያጣ ልክ ተቀምጦ ባለበት ሊሞት ይችላል። ጥናቶች በድንገት መነሳትና ቀጥ ብሎ መቀመጥ ከሞት ሰዓት ጋር ተያይዘው አግኝተዋቸዋል። በጀርባው አስተኝቶ እግሩን ከፍ ማድረግ፣ ካስመለሰው በጎኑ ማዞር፣ መተንፈስ በጣም ካስቸገረው ብቻ እግሩ ተዘርግቶ ደረቱን ቀና ማድረግ፣ ተሽከርካሪውንም እሱ ወዳለበት ማምጣት ይሻላል። አዲስ አበባ ላይ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። ከተሻለውም በኋላ ጥቃቱ ከሰዓታት በኋላ ሊመለስ ስለሚችል ጤና ተቋም ውስጥ መቆየት ያስፈልገዋል።

መርፌውን ማን ይውጋ?

ባለሙያዎች የማይስማሙበት ጥያቄ ይህ ነው። አንዱ ወገን አድሬናሊን የጤና ባለሙያ እጅ ላይ ይቆይ ይላል። ምክንያቱም አለው፦ ያው አምፑል በስህተት ደም ሥር ውስጥ ቢገባ ወይም ሙሉውን ቢወጉት ልብን ሊያናጋ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ የካናዳ ጥናት ወላጆች ከአምፑል አድሬናሊን ለመቅዳት በአማካይ 142 ሰከንድ እንደፈጀባቸው፣ የቀዱት መጠንም እጅግ የተለያየ እንደነበር አሳይቷል፤ የድንገተኛ ክፍል ነርሶች ግን በ29 ሰከንድ ጨርሰውታል። እነዚህ ወላጆች የተረጋጋ ክፍል ውስጥ ነበሩ፤ የአምፑሉን አንገት እየሰበሩ አጠገባቸው ትንፋሹ የሚያፏጭ ሰው አልነበረም።

ሌላው ወገን ደግሞ ነርስ ያለበት ጤና ጣቢያ ከእርሻው አንድ ሰዓት ከራቀ የመጠንቀቁ ትርጉም ምንድን ነው ይላል። በሠለጠነው ዓለም ችግሩ የተፈታው ልኩ በተሞላ፣ ጭን ላይ ሲጫኑት ራሱ በሚወጋ እስክሪብቶ መሰል መሣሪያ ነው። ይህ መሣሪያ የሚገኘው ግን ከዓለም አገሮች በሢሶ ገደማ ብቻ ነው፤ ዋጋውም ከአምፑሉ ጋር አይወዳደርም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2024 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በአፍንጫ የሚነፋ አድሬናሊን ፈቅዷል። መርፌ አለመፈለጉ ለሩቅ ሥራ ቦታ ተስፋ ያለው ነው፤ ዋጋው እስኪወርድ ግን የእኛ እርሻና የእኛ ማማ የሚመኩት በአምፑሉ ነው።

እንደ እኔ ግምት መልሱ እንደ ሥራው ቦታ ይለያያል። የአበባ እርሻ፣ የሸንኮራ እርሻ ወይም ትልቅ የግንባታ ቦታ ክሊኒክና ነርስ ካለው፣ አምፑሉና የሁለት ሲሲ ሲሪንጁ ባንድ ከረጢት ታስረው፣ «ግማሽ ሲሲ፣ ጭን ላይ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎባቸው ሊቀመጡ ይገባል። በቁልፍ በተዘጋ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ ከአለመኖር አይሻልም። ራቅ ላለ የአናቢዎች ማኅበር ደግሞ ከአባላቱ ሁለቱን በጤና ባለሙያ ማሠልጠንና ከቅርቡ ጤና ጣቢያ ጋር ማስማማት የሚቻል ነገር ነው። አድሬናሊን ከብርሃንና ከ25 ዲግሪ በላይ ሙቀት ተጠብቆ የሚቀመጥ ስለሆነ፣ እንደ ሑመራ ባለው ሞቃት አገር አምፑሉ በየጊዜው መታየትና መለወጥ ይኖርበታል። ውሃ መስሎ የሚታየው ፈሳሽ ቡናማ ወይም ሮዝ ቀለም ካመጣ አይወጋም።

ሠራተኛን ሁሉ መመርመር ያዋጣል?

አንዳንድ አሠሪዎች ከቅጥር በፊት የአለርጂ ምርመራ ቢደረግ ነገሩ ያልቃል ብለው ያስባሉ። አያልቅም። በደም ወይም በቆዳ ምርመራ ለመርዙ አይ ጂ ኢ የሚገኝባቸው አዋቂዎች በየጥናቱ ከመቶ ከ9 እስከ 28 ይደርሳሉ፤ አብዛኞቹ ግን ቢነደፉም ምንም አይሆኑም። ምርመራው ለሁሉ ቢደረግ ብዙ ጤነኛ ሰው ያለ በቂ ምክንያት ከሥራ ይቀራል። በአንጻሩ በንድፊያ ከሞቱት ግማሽ ያህሉ ቀድሞ ከባድ ምላሽ እንዳለባቸው የማይታወቁ ስለነበሩ፣ የሕመም ታሪክ መጠየቅም ሁሉን አይዝም።

ቢሆንም አንድ ጥያቄ ከብዙ ምርመራ ይበልጣል፦ «ከዚህ በፊት ተነድፈህ ከተነደፍክበት ቦታ ርቆ ሽፍታ፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም ራስ መሳት አጋጥሞህ ያውቃል?» አዎ ያለ ሰው ለደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ከሆነም ይጠየቅ፤ ቤታ ብሎከር የሚባሉት አድሬናሊኑ በሚገባ እንዳይሠራ ሊያደርጉ ይችላሉ። ከባድ ምላሽ ላጋጠመው ሰው ባደጉት አገሮች መርዙን በጥቂት በጥቂቱ ለሦስት እስከ አምስት ዓመት እየሰጡ ሰውነትን የማለማመድ ሕክምና አለ፤ ለንብ መርዝ ከመቶ ሰው 80 ገደማውን ይጠብቃል። ብዙ የአውሮፓ አናቢዎች በዚህ ሕክምና ሥራቸውን ቀጥለዋል። ሕክምናው እንደ ልብ በማይገኝበት የሚቀረው የሥራ ምደባን መለወጥ ነው።

የካሳው ጥያቄ

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ያደርገዋል። ነፃ የሚሆነው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ፣ በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ ከጣሰ ወይም ሰክሮ ሥራ ላይ ከተገኘ ነው። ለጊዜው መሥራት ላልቻለ ሠራተኛ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ በቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ የማያንስ፣ በቀሩት ስድስት ወራት ከ50 በመቶ የማያንስ ክፍያ ይገባዋል።

ክርክር የሚነሳው አዋጁ አደጋን ሲተረጉም ከሠራተኛው ከራሱ ውጭ የሆነ ምክንያት ስለሚፈልግ ነው። አሠሪው «የገደለው የራሱ ሰውነት ነው፤ አጠገቡ የተነደፈው ሰው ምን ሆነ?» ሊል ይችላል። የቤተሰቡ ጠበቃ ደግሞ ንድፊያው ከውጭ የመጣ መሆኑን፣ አጥንቱ የሳሳ ሠራተኛ ወድቆ ቢሰበር አጥንቱ ሰበብ ሆኖ ካሳ እንደማይቀርበት ያነሳል። ለእኔ ሁለተኛው ክርክር ይበልጥ ይመዝናል፤ ያለ ንድፊያው ምንም ባልሆነ ነበርና። ማስረጃው ግን ቀላል አይሆንም። ንድፊያው የደረሰበት ሰዓት፣ የታዩት ምልክቶች፣ ማን እንዳየ ያን ዕለት ካልተጻፈ፣ «የልብ ድካም» የሚል የሐኪም ወረቀት ይዞ መከራከር ለቤተሰቡ ከባድ ነው። አዋጁ አሠሪው አደጋን እንዲመዘግብና እንዲያሳውቅ ያስገድዳል፤ የንብ ንድፊያ ግን እንደ ተራ ነገር ስለሚታይ በዚያ መዝገብ ላይ ሳይሰፍር ሊታለፍ ይችላል። በማኅበር ተደራጅተው ለራሳቸው የሚሠሩት አናቢዎች ደግሞ አሠሪ ስለሌላቸው ከዚህ ሁሉ ውጭ ናቸው፤ ለእነሱ ያለው ዋስትና ከቀፎው እስከ ጤና ጣቢያው ያለው የመንገድ ርቀትና እዚያ ሲደርሱ መሳቢያው ውስጥ የሚገኘው አምፑል ነው።